የእንጦጦ ተራራ ያበደረን ብድር

ብድር የተበደረ ሰው ሁለት ዓይነት አበዳሪ ያጋጥመዋል። አንደኛው ቀን ቈጥሮ በደጅ የሚቆም፣ ዋስና ምስክር የሚጠራ፣ ባለዕዳውን በሸንጎ የሚያቆም ነው። ሁለተኛው ግን ሰጥቶ ዝም የሚል፣ ቢከፍሉትም ባይከፍሉትም አፍ አውጥቶ የማይናገር ነው። ለመጀመሪያው ሁላችንም እንከፍላለን፤ ስለ ምን ቢሉ እንፈራዋለንና። የሰው ጠባይ የሚመረመረው ግን በሁለተኛው ዘንድ ነው። ዝም ያለውን አበዳሪ አስታውሶ ዕዳውን የሚከፍል፣ እርሱ በእውነት ታማኝ ሰው ይባላል።

የአዲስ አበባ ከተማም እንዲህ ያለ ዝም የሚል አበዳሪ አላት። ይኸውም በስተ ሰሜን ከራስጌዋ ቆሞ ሌትና ቀን የሚመለከታት የእንጦጦ ተራራ፣ ከእርሱም ጋራ ተያይዞ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው የየካ ተራራ ነው። እኛ የከተማው ሰዎች ተራራውን የምናስበው ወይ ስለ ነፋሱ ወይ ስለ ጠበሉ ነው። ከተማችን ከእርሱ ጐን ተቈርሳ የተሠራች መሆንዋን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። በቅርቡ በአንድ ቅዳሜ ቀን፣ በልጅነቴ በቅኔ ቤት አብሮኝ ከተማረ አንድ መሪጌታ ጋራ ሆኜ ተራራውን ከእንጦጦ እስከ የካ ተመልክቼ መጣሁ። ያየሁትንና ያሳሰበኝን ነገር ሥልጣን ላላቸው ሹማምንትና ለካህናት አባቶቻችን ለማቅረብ ይህን ጻፍሁ።

በሌላው ዓለም ቀድሞ ማዕድን ይወጣባቸው የነበሩ የተራራ ከተሞችን ሄዶ መጐብኘት የተለመደ ነገር ሆኗል። ጐብኚው የሚሄደው ወርቅ ወይም ብር ለማግኘት ሳይሆን፣ ሰው ከተራራ ሀብት ሲያወጣ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጠፋ ለመማር ነው። ስለዚህ ወደ ራሳችን ተራራ ከመምጣቴ በፊት የሁለት ከተሞችን ታሪክ ባጭሩ ልናገር።

በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ አገር ፖቶሲ የምትባል ከተማ አለች። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአንድ የብር ተራራ ሥር የተቈረቈረች ናት። እስፓኞች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1545 ዓ.ም. ብሩን ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ ተራራው ለብዙ መቶ ዓመታት ተቦረቦረ። ሀብቱ ባሕር ተሻግሮ ሄደ፤ የአገሩ ተወላጆች ግን በግዴታ ሥራ ወደ ጕድጓዱ እየወረዱ አለቁ። ዛሬ የተራራው ሆድ ባዶ በመሆኑ ጫፉ ወደ ውስጥ እየሰጠመ ነው። ስለዚህም የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ከተማዪቱን በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገባት።

ሁለተኛዪቱ ከተማ በሰሜን አውሮፓ በኖርዌይ አገር ያለችው ሮሮስ ናት። በእርስዋም የመዳብ ማዕድን መቈፈር የጀመረው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1644 ዓ.ም. ነው። መዳቡን ለማቅለጥ ሲባል በዙሪያዋ ያለው ደን ስለ ተጨፈጨፈ እርስዋም ተጐድታ ነበር። ነገር ግን የማዕድኑ ሥራ በ1977 ዓ.ም. በከሰረ ጊዜ ሰዎችዋ ከተማቸውን ጥለው አልሄዱም። የእንጨት ቤቶቻቸውን ጠገኑ፤ ከማቅለጫው የወጣውን ጥቍር የዝቃጭ ክምር እንኳ የታሪካችን ምስክር ነው ብለው ጠበቁት። ከተማዪቱም በ1980 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ ዛሬም ከየአገሩ ጐብኚ ይሄድባታል። እንግዲህ ሁለቱም ከተሞች ተራራቸውን ቈፍረዋል። የተለያዩት በመቈፈራቸው ሳይሆን ከቈፈሩ በኋላ ባደረጉት ነገር ነው።

አንባቢዎች ሆይ፣ ከእንጦጦ ወርቅም ብርም አልወጣም፤ ታዲያ ከማዕድን ከተማ ጋራ ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከተማችን ከእንጦጦ ሦስት ታላላቅ ሀብቶችን አውጥታለች የሚል ነው፤ እነርሱም እንጨት፣ ውሃና ድንጋይ ናቸው። ሦስተኛውማ በሕጋችንም ቢሆን ስሙ ማዕድን ነው። ወርቅ የሌለው ከተማ ሊኖር ይችላል፤ ያለ እንጨት፣ ያለ ውሃና ያለ ድንጋይ ግን ከተማ አይቆምም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከአንኮበር ወደዚህ አገር በመጡ ጊዜ በእንጦጦ ላይ የከተሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። የቀድሞ ነገሥታት በዚህ አካባቢ ከትመው ነበር የሚል ትውፊት በአባቶች አፍ ይነገር ነበር፤ ፍርስራሽም ተገኝቶ ነበር። ደግሞም ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር የሚያልፈው ከፍታ ጠላትን ከሩቅ ለማየት የተመቸ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ የደፉት በዚያው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይሁን እንጂ ከዚያ አስቀድሞ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃውን ሜዳ ወድደው አዲስ አበባ የሚለውን ስም ሰጥተውት ነበርና፣ ሠፈሩ ቀስ በቀስ ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ። ሰዎችን ከተራራው ያወረዳቸው ብርዱና ነፋሱ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ሲበዛ የማገዶ እንጨቱ አለቀ፤ ውሃውም አልበቃ አለ። በአገራችን የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚባል ምሳሌ አለ፤ በእንጦጦ ላይ ይህ ምሳሌ በቃሉ ተፈጸመ። የእንጦጦ ጫፍ የውሃ መለያያ ነውና፤ በሰሜን ጐኑ የወረደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በደቡብ ጐኑ የወረደው በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ለሁለት ታላላቅ ወንዞች ውሃ የሚያካፍለው ተራራ በራሱ ላይ የከተመውን ሕዝብ ማጠጣት አቃተው።

በሜዳው ላይ የተሠራችው ከተማም ከተራራው ወረደች እንጂ ከተራራው አልተላቀቀችም። የማገዶ እንጨትና የቤት ማገር ከዚያው ይመጣ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጽዱና ወይራው እየተመነጠረ ስለ ሄደ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከተማውን እንደ ገና ነቅለው በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያ ቤተ መንግሥት በኋላ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዪቱን ከመነቀል ካዳኑዋት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓመታት ከውጭ አገር የመጣው ዛፍ ነው። ሕዝቡም ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው። በአውስትራልያ ምድር የበቀለ ዛፍ በእንጦጦ ላይ ሥር ሰድዶ የኢትዮጵያን ዋና ከተማ በቦታዋ አጸናት ብንል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድገውን ያህል ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ ስለማይበቅል አፈሩ በክረምት ጐርፍ ይታጠባል። ስለዚህ የእንጨቱ ዕዳ በባሕር ዛፍ ተራዘመ እንጂ ተከፍሎ አላለቀም።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ በመጀመሪያ የወረደው ከእንጦጦ ምንጭ ነው፤ ሥራውንም የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አከናወነው። ውሃ በብረት ውስጥ ከተራራ ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ መውጣቱ በዚያን ጊዜ ለሕዝቡ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማችን ውሃዋን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከጕድጓድ ታገኛለች። የመጀመሪያውን ጽዋ ያቀመሳት ግን እንጦጦ መሆኑን መርሳት አይገባትም።

ሦስተኛው ሀብት ድንጋይ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት የእንጦጦ አለት ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። በዚህ ተራራ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ለመሠረት፣ ለግንብ፣ ለአጥርና ለመንገድ ሆኖ ከተማችንን ተሸክሟል። በ2000ዎቹ ዓመታት የየሠፈሩ መንገድ በጥርብ ድንጋይ ይነጠፍ በጀመረ ጊዜ ደግሞ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል። ድንጋይ የሚወጣበትን ስፍራ ሕዝባችን ካባ ይለዋል። በቋንቋችን ካባ የክብር ልብስም ነው። ከተማዪቱ የለበሰችው የድንጋይ ካባ ከተራራው ካባ የወጣ ነው፤ እርስዋ በለበሰች መጠን እርሱ ተራቍቷል።

ይህን ስጽፍ ሌላውን ብቻ እየወቀስሁ እንዳይመስል የራሴን በደል ልናገር። ከብዙ ዓመታት በፊት በየካ በኩል አነስተኛ ቤት ስሠራ፣ የመሠረቱን ድንጋይ የጭነት መኪና አምጥቶ በደጄ አራገፈው። ከሾፌሩ ጋራ ስለ ዋጋው ግማሽ ቀን ተከራከርሁ። ድንጋዩ ከወዴት እንደ ተፈነቀለ፣ የተፈነቀለበትስ ስፍራ ምን እንደ ሆነ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። ልጆቼ በዚያ መሠረት ላይ አደጉ። ተራራው በየቀኑ በመስኮቴ ይታየኝ ነበር፤ ቍስሉ ግን አልታየኝም።

በዚያ ቅዳሜ ቀን ማለዳ ከመሪጌታው ጋራ በመጀመሪያ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን፣ በቤተ መዘክሩ ያለውን የነገሥታት ቅርስ፣ አጠገቡም ያለውን የዐፄ ምኒልክን የጭቃ ግንብ ቤት አየን። የዚያን ቤት ትሕትና ያየ ሰው የአንድ ታላቅ መንግሥት ጅምር ከምን ያህል አነስተኛ ነገር እንደ ተነሣ ይረዳል። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ተመለከትን። መንገዱ ተጠርጓል፤ መቀመጫው ተዘጋጅቷል፤ ሕዝቡም ከልጆቹ ጋራ ይመላለሳል። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የሠሩትን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ፓርኩን የጐበኘ ሰው ተራራውን ሁሉ የጐበኘ እየመሰለው ይመለሳል። የተራራው ፊት ተጊጧል፤ ጀርባውን ያየው የለም።

ከእንጦጦ ስንወርድ በመንገድ ዳር የቅጠልና የጭራሮ ሸክም በጀርባዋ አዝላ፣ አንገትዋን ደፍታ የምትወርድ አንዲት ሴት አገኘን። ሸክሙ ከቁመትዋ ይረዝማል። ለማረፍ ሸክሙን ከአንድ ግንብ ላይ ባስጠጋች ጊዜ ቀረብ ብዬ፣ «እኅቴ፣ ይህ ሸክም ምን ያህል ያወጣል?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም ላብዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ጋሼ፣ የዛሬን እንጀራ ያወጣል፤ የነገን አያወጣም» አለችኝ። በከተማችን ብዙ ምጣድ የሚሞቀው እንዲህ ባሉ እናቶች ጀርባ ነው። ከእነርሱ መካከል በማኅበር ተሰብስበው ሽመና ተምረው ከሸክም የወጡ መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ይህም የሚቻል ነገር መሆኑን ያሳያል። ያልወጡት ግን ዛሬም ጐሕ ሲቀድ ይወጣሉ።

ከቀትር በኋላ በየካ በኩል በእግራችን ወጣን። በመንገዳችን ላይ ሥራው የቆመ አንድ ካባ አገኘን። የተራራው ጐን እንደ ዳቦ ተቈርሷል፤ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ የክረምት ውሃ አቍሮ አረንጓዴ ሆኗል። አጥር የለውም፤ ምልክትም የለውም። ሁለት ሕፃናት ከዳር ተቀምጠው ጠጠር ይወረውሩ ነበር፤ ቢንሸራተቱ የሚያወጣቸው አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በመዶሻ ድንጋይ የሚፈልጥ አንድ ሽማግሌ ነበር። ይህ ካባ የማን ነው ብለን ብንጠይቀው፣ «ሲከፈት ብዙ ባለቤት ነበረው፤ ሲያልቅ ባለቤት የለውም» ብሎ መለሰልን። እኔ ስለ አገር አስተዳደር ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ነገሩን እንደዚህ ሽማግሌ ባጭሩ ያስቀመጠ ግን አላገኘሁም።

ከዚያም ወጥተን ወደ ዋሻ ሚካኤል ደረስን። ይህ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። የአካባቢው ትውፊት በአብርሃና በአጽብሐ ዘመን ተሠራ ይላል፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ የላስታ አብያተ ክርስቲያናት በተፈለፈሉበት ዘመን ወይም በኋላ እንደ ተሠራ ይገምታሉ። የትኛውም ቢሆን አዲስ አበባ የሚባል ከተማ ሳይታሰብ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ፣ በዚህ ተራራ ላይ መሮና መዶሻ የያዙ ጠቢባን ነበሩ ማለት ነው። ዙሪያውን ቈፍረው አለቱን ከተራራው ለዩት፤ ከዚያም ውስጡን ፈልፍለው ዓምድና በር፣ መስኮትና ቅስት አወጡለት። ዛሬ ጣሪያው በብዙ ወገን ተደርምሷል፤ ዝናብ እንደ ልቡ ይገባበታል፤ ሥርና ሽበት ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። ወደ ላሊበላ ለመሄድ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ የአዲስ አበባ ሰው፣ ከቤቱ በላይ የዚያ ጥበብ ወንድም መኖሩን አያውቅም። እኔም በየካ ስኖር ያን ያህል ዘመን አልወጣሁም ነበርና በዚህ ነገር ከወቀሳ አላመልጥም።

መሪጌታው ጫማውን አውልቆ ተሳለመና ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላም ወደ እኔ ዞሮ፣ «የታችኛውም ጕድጓድ ነው፤ የላይኛውም ጕድጓድ ነው። የቀድሞዎቹ ድንጋዩን አወጡና ቤት ተረፈ፤ እኛ ድንጋዩን አወጣንና ገደል ተረፈ» አለኝ።

ይህ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቡናዬ አልወጣም። ተራራን መቈፈር በራሱ ኀጢአት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ዋሻ ሚካኤልን የሠሩትም ተራራውን ቈፍረዋል፤ ያወጡት ፍርፋሪ ድንጋይም ብዙ ነው። ልዩነቱ እነርሱ ስለሚያወጡት ብቻ ሳይሆን ስለሚተርፈውም ማሰባቸው ነው። በመጽሐፈ ነገሥት የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ሲሠራ ድንጋዩ በተራራው ላይ ተጠርቦ ያልቅ ስለ ነበር፣ በቤቱ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ እንዳልተሰማ ተጽፏል። ይህን ነገር ካህናት አባቶቻችን ለልብ ጸጥታ ምሳሌ አድርገው ያስተምሩታል። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ሌላ ነገር አሰብሁበት። በቤቱ ውስጥ ጸጥታ የሆነው መዶሻው በተራራው ላይ ስለ ጮኸ ነው። እኛ በከተማ ውስጥ በጸጥታ ስንቀመጥ መዶሻው በተራራው ላይ ይጮኻል። አለመስማታችን አለመኖሩን አያሳይም።

በዚህ ላይ ደግሞ ተራራው ገና ያልተነበበ መጽሐፍ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የቬኒስ መነኵሴ ፍራ ማውሮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም. ገደማ ባዘጋጀው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ተመልክታለች። የዛሬ መርማሪዎች የዚህችን ከተማ ስፍራ ከወጨጫ እስከ የረር ባለው አገር ይፈልጋሉ፤ ነገሩም ገና በክርክር ላይ ነው። እንግዲህ አንድ የድማሚት ጕድጓድ ሲፈነዳ ድንጋይ ብቻ ላይሆን ይችላል የሚበታተነው። የአያቶቻችን አሻራ አብሮ ጠጠር ሆኖ በመንገድ ላይ ይነጠፍ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ከተማ እያደገች ነው፤ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ድሀውስ ምን ይብላ? የሚል ክርክር ያቀርባሉ። ይህ የቀልድ ክርክር አይደለምና በአክብሮት መመለስ አለበት። ካባ ሁሉ ይዘጋ አንልም፤ ካባ ቢዘጋ መጀመሪያ የሚራበው በመዶሻው የሚኖረው ሰው ነው። ነገር ግን ከተማ የሚያስፈልጋት ድንጋይ እንጂ ገደል አይደለም። ድንጋዩን የሸጠ ሰው ትርፉን ወስዶ፣ ገደሉን ለጐረቤት ሕፃናት ትቶ መሄዱ የንግድ ሥርዐት ሊባል አይችልም። በድሀው ስም የሚከራከሩትም ካባው ካለቀ በኋላ ከገደሉ አጠገብ የሚኖረው ያው ድሀ መሆኑን ማሰብ አለባቸው።

ለዚህ ነገር ሕግ አላጣንም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የተሰጠው ሰው አካባቢውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ለማዕድን ፍለጋም ሆነ ለሕንፃ ወይም ለመንገድ ሥራ ሲቈፍር ቅርስ ያገኘ ሰው ቅርሱን ጠብቆ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያመለክት ያዝዛል። የጐደለው የሕጉ ፊደል ሳይሆን ሕጉን ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣ እግር ነው። ፈቃድ በጽሕፈት ቤት ይፈረማል፤ ካባ ግን በጽሕፈት ቤት አይታይም።

ስለዚህ ሥልጣን ላላቸው ሰዎች የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ማንኛውም ካባ ሲከፈት እንዴት እንደሚዘጋ አብሮ ይወሰን፤ ለመዝጊያው የሚያስፈልገው ገንዘብም አስቀድሞ በዋስትና ይቀመጥ። ፈቃዱን የፈረመው ሹምም ካባው ከመከፈቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከተዘጋ በኋላ አንድ ጊዜ በእግሩ ወጥቶ ይየው። ባለቤት ያጡት የቀድሞ ካባዎች ደግሞ ይቈጠሩ፤ ይታጠሩ፤ መሞላት የሚችለው ይሞላ፤ መሞላት የማይችለው ተደልድሎ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ ይተከልበት። ለዚህ ሥራ የሚቀጠረው ሰው ከሩቅ እንዳይፈለግ። ድንጋዩን የፈለጠው ወጣትና ጭራሮውን የተሸከመችው እናት በቅድሚያ ይጠሩ። ተራራውን ሲጐዳ ለነበረ እጅ ደመወዝ ከተገኘ፣ ተራራውን ለሚያክም እጅ ደመወዝ አጣን ማለት አይገባም።

ሁለተኛው ስለ ዋሻ ሚካኤል ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር፣ የየካ ክፍለ ከተማና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይህ የእኔ ነው፣ ያ የአንተ ነው ሳይባባሉ ሥራውን ይካፈሉ። የክረምቱ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይበጅ፤ ሥሩና ቍጥቋጦው በባለሙያ እጅ ይነሣ፤ ዓምዱና ግድግዳው ተለክቶ በሥዕል ይመዝገብ፤ መንገዱም ተጠርጎ ምልክት ይተከልለት። ጥገናው ግን በችኮላ በስሚንቶ የሚለሰን እንዳይሆን አደራ እንላለን። ጥንታዊ ነገርን ባለማወቅ ማሳመር ከመተው ይልቅ የሚያጠፋበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ለካህናት አባቶቻችን የምናቀርበው ቃል ነው። በአገራችን ደን በጠፋበት ስፍራ ሁሉ ጥቂት ጽድና ወይራ ተርፎ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ይህ ክብር በመንግሥት አዋጅ የተገኘ ሳይሆን፣ የእግዚአብሔርን ቤት ዛፍ መቍረጥ ነውር ነው ብላችሁ ስላስተማራችሁ የተገኘ ነው። እንግዲህ ይህን ትምህርት ከቅጥሩ ውጭ አውጡት። የተራራውን አፈር የሚያስጠርግ፣ የሚያልቅ ካባ ገደል አድርጎ የሚተው ሰው፣ የጐረቤቱን ድንበር እንደሚገፋ ሰው መሆኑን ሕዝቡ ከእናንተ አፍ ቢሰማ፣ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይፈራል። በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት አጅቦ የሚወጣው የየካ ሕዝብ፣ ከበላዩ ያለውን የአለት ቤት ለመጠበቅ ቢጠራ እንቢ የሚል አይመስለንም። የሚጠራው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

የትምህርት ቤት መምህራንም ልጆችን ወደ እንጦጦ ሲወስዱ ነፋሱን ብቻ አሳይተው እንዳይመለሱ እንለምናለን። በማለዳ የንጉሡን የጭቃ ቤት ያሳዩአቸው፤ ከቀትር በኋላ ካባውንና ዋሻውን በአንድ ቀን ያሳዩአቸው። ሁለቱን ጕድጓዶች ጐን ለጐን ያየ ልጅ፣ መሐንዲስ ወይም ሹም ወይም ካህን ሆኖ ባደገ ጊዜ፣ ከዚህ ሥራዬ በኋላ ምን ይተርፋል? ብሎ ራሱን መጠየቅ አይረሳም። ሮሮስን ከፖቶሲ የለየው ይህ ጥያቄ ነው።

በዚያ ምሽት ወደ ቤቴ ስመለስ ከደጄ ቆሜ የቤቴን መሠረት ተመለከትሁ። ድንጋዮቹ በኮንክሪቱ መካከል ተደርድረው፣ ያን ሁሉ ዓመት ተሸክመውኝ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በማግሥቱ ለመሪጌታው መልእክት ልኬ፣ በመጪው ክረምት በዚያ ባለቤት ባጣው ካባ ዳር ከልጆቼ ጋራ የጽድ ችግኝ ለመትከል የአካባቢውን ሹም እንዲያስፈቅድልኝ አብረን ለመሄድ ቀጠሮ ያዝን። ይህ የአንድ ሰው ሥራ ስለ ሆነ ዕዳውን አይጨርሰውም፤ መጀመሩን ግን ያሳያል። ከተማዪቱ ሁላችንንም የያዘች ናትና፣ እያንዳንዱ ሰው የቤቱን መሠረት ተመልክቶ የድርሻውን ቢያስብ፣ ተራራው ሳይጠይቀን ብድሩን መክፈል እንችላለን። እግዚአብሔር ለዚህ ልቡናችንን ያነቃቃ፤ ጕልበታችንንም ያበርታ።